የኛንም ድልድይ ሳዪልኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ካለሽበት ፓሪስ።

ሰፈራችን ጠመንጃ ያዥ ደህና ነው፤ ከሰፈሩ የቀረነው እንደ ልማዳችን ተጠራርተን ቡና ስንጠጣ ስምሽ ሳይነሳ አይቀርም። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ጋቢውን ከሻንጣ አውጪው፤ ሰው ያየኛል ብለሽ አትፈሪ። ምሳ አትዝለዪ። በርበሬው ሳያልቅ ንገሪኝ፤ ወዲያ የሚሄድ ሰው አላጣም።

የመመረቂያ ሥራሽን ርዕስ የነገርሽኝ ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ደስ ብሎኛል፤ ከፍቶኛልም። ደስ ያለኝ ከስንቱ ነገር መርጠሽ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች የሳሏቸውን የብረት ድልድዮች በመያዝሽ ነው። የአባትሽ ልጅ መሆንሽ እዚህ ላይ ታወቀ። የከፋኝ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ ጣል ባደረግሻት ቃል ነው። «ፈረንሳዮቹ ድልድያቸውን ስለዋል፣ እማዬ፤ እኛ ጋ ግን ምንም የለም» አልሽኝ። ተይ ልጄ። ምንም የለም አትበይ። አንቺ እንዲህ ካልሽ ሌላው ምን ሊል ነው? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው አይደል?

በስልክ አልመለስኩልሽም። በስልክ ሁሌ እንቸኩላለን፤ መስመሩም ይቆራረጣል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ቀስ ብለሽ አንብቢው። ትምህርት ቤት ያሉት መምህሮችሽ ከኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ እኔ ግን አንቺን አውቃለሁ።

ትተሽልኝ የሄድሽውን ትልቁን የሥዕል መጽሐፍ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩት። ያቺ በአሊያንስ የተማርኳት ፈረንሳይኛ ምስጋና ይግባትና፣ መዝገበ ቃላቱን አጠገቤ አድርጌ ገጽ በገጽ ሄድኩበት።

መጀመሪያ የሞኔን አየሁ። የአርዣንተይ የባቡር ድልድይ። ነጫጭ ምሰሶዎቹ ከሴን ወንዝ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወጥተው ያንን ቀጥ ያለ የብረት አግዳሚ ተሸክመዋል። ከላይ ባቡሩ ያልፋል፤ ጭሱ ከደመናው ጋር ይቀላቀላል። በአንደኛው ሥዕል ላይ ሁለት ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ከድልድዩ ሥር ባለሸራ ጀልባ ይሄዳል። እንዴት ያለ ሰላም ነው! ግን ዓመቱን ልብ በይ፣ ልጄ። ሥዕሎቹ የተሳሉት እ.ኤ.አ. በ1873 እና በ1874 ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከፕሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ የአርዣንተይ ድልድዮች ፈርሰው ነበር። ሞኔ እዚያች ከተማ የገባው ጦርነቱ ባለቀበት በ1871 መጨረሻ ነው። በማግስቱ ዓመት የመንገዱን ድልድይ ሳለው፤ ገና ሲጠገን፣ እንጨቱ ተረብርቦበት ሳለ። ያ የምታደንቂው ብርሃን ያረፈው በተጠገነ ነገር ላይ ነው።

ይህን ስታነቢ ምን እንደሚታይሽ አውቃለሁ። ለኔም ታይቶኛል። በ2013 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ የሚለውን ወሬ አብረን ነው የሰማነው። ምግብ ሳትበዪ ያደርሽበት ቀን ነው። ያን ሰሞን ጀምረሽ የተውሽው ሥዕል እስከ ዛሬ ከአልጋሽ ሥር አለ። አቃጥዪው ብትዪኝም አላቃጠልኩትም። ሞኔ የፈረሰውን ሲጠገን ስሎታል፤ አንቺም አንድ ቀን ትመለሺበታለሽ ብዬ አስቀምጬዋለሁ።

ቀጥዬ ካይቦትን አገኘሁ። እዚህ ላይ መጽሐፉን መግለጥ አቆምኩ። ከሳን ላዛር ጣቢያ ሀዲድ በላይ የተዘረጋው የአውሮፓ ድልድይ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 የተሳለው። ግዙፎቹ የብረት መስቀሎች የሥዕሉን አንድ ወገን ሞልተውታል። ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጃንጥላ ከያዘች ሴት ጋር ወደኛ ይመጣል። ውሻ ጀርባውን ሰጥቶን ይሄዳል። የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ደግሞ ብረቱ ላይ ተደግፎ ቁልቁል ሀዲዱን ያያል። ሁሉም ስለ ባለ ባርኔጣው ያወራል። እኔ ዓይኔ ከተደገፈው ሰውዬ ላይ አልነሳ አለ። ትከሻው የአባትሽ ትከሻ ነው። ምን እያየ ይሆን? አባትሽ ቢሆን ማያያዣዎቹን ነበር የሚያየው።

አባትሽ ያስተማረሽን አትርሺ። የባቡር ድልድይ ሲፈትሽ ማያያዣውን፣ ሪቬቱን፣ በመዶሻ መታ አድርጎ ጆሮውን ይሰጥ ነበር። የጠበቀ ሪቬት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ ይታፈናል። ዝገትን ከምንም በላይ ይፈራ ነበር። ያ ቀይ ቡናማ አንቲረስት ከጥፍሩ ሥር ጠፍቶ አያውቅም፤ ለፋሲካም፣ ለሠርግም፣ አንቺ ክርስትና የተነሳሽ ዕለትም። እሱ ይልሽ የነበረውን ይዘሽ ካይቦትን እንደገና እዪው፦ ድልድይ ላይ አንዱ ብረት ይጫናል፣ ሌላው ይሳባል። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ይሰነጠቃል። የተቀጠቀጠ ብረት ግን ሲሳብም ይጸናል፤ ባቡርን አምኖ ማሳለፍ የተቻለውም በሱ ነው። እነዚያ መስቀሎች ጌጥ አይደሉም፤ ክብደቱን ተከፋፍለው የያዙት እነሱ ናቸው። ካይቦት ይህን አውቆ ነው መሰለኝ ከሰዎቹ እኩል ቦታ የሰጣቸው። ስትስዪ ብረቱን አትፍሪው። ግን እንዲሁ መስመር አድርገሽ አትለፊው፤ የቱ እንደሚጫን፣ የቱ እንደሚሳብ አውቀሽ ሳዪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የአውሮፓ ድልድይ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። በኛ አቆጣጠር 1860 ዓ.ም። መቅደላ።

አየሽ? ፓሪስ ያንን ብረት እየገጣጠመች ሳለ፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው ዙላ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ሌላ ብረት ይገጣጠም ነበር። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ሀዲድና የባቡር ሞተር ከሕንድ በመርከብ አምጥቶ ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ ባቡር ዘረጋ። ደረቁን ፈፋ የሚሻገርባቸው የብረት ድልድዮች ነበሩት። 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ፣ 44 ዝሆን። ይህ ሁሉ ለአንድ ንጉሥ፣ ለአጤ ቴዎድሮስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አምባው ላይ የሆነውን ላንቺ አልነግርሽም፤ አያትሽ እያለቀሱ ነግረውሻል። ጦሩ ሲመለስ ሀዲዱን ነቃቅሎ ይዞ ሄደ። ድልድዩ ለኛ አልተሠራም፤ ለኛም አልቀረም።

ማን ሳለው? እነሱው። የለንደን አንባቢ ዘመቻውን በየሳምንቱ በጋዜጣ ላይ በሥዕል ይከታተል ነበር። ዊሊያም ሲምፕሰን የሚባለው ስመ ጥር የጦር ሜዳ ሠዓሊ ከዚያው ከለንደን ተልኮ መጥቷል። መሐንዲሶቹም ፎቶግራፍ ማንሻ ይዘው ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ የአጤ ቴዎድሮስን ፊት ከሞቱ በኋላ ነደፈው። ኵርዓተ ርእሱን፣ ያንን ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡትን ሥዕል፣ ለራሱ ያስቀረውም እሱ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ምንም የለም አይባልም። በኛ ምድርም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብረት ቆሟል፤ ተስሏልም። ያልነበረው የኛ እጅ ነው። ሞኔ የሳለው የሚኖርበትን ከተማ ድልድይ ነው። ካይቦት የሳለው ከቤቱ ወጥቶ የሚሄድበትን ነው። የኛን የሳለው ግን ሊወጋን የመጣው ነው። ፓሪስ ሆነሽ ከሥዕሎቹ ፊት ስትቆሚ ይህን ልዩነት እንዳትረሺብኝ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ እንኳ ይህን አትርሺ።

አንድ ነገር ደግሞ ስሚኝ። አባትሽ ከአንድ የባቡር መጽሔት ላይ አንብቦ ሲነግረን አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ ያኔ አልገባሽም ይሆናል። በዓለም የመጀመሪያው ትልቅ የብረት ድልድይ እንግሊዝ አገር፣ ሰቨርን ወንዝ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1779 የቆመው ነው። 30 ሜትር ያህል ይሻገራል፤ 378 ቶን ብረት በልቷል። ያስገነባው አብርሃም ዳርቢ በማግስቱ ዓመት ዊሊያም ዊሊያምስ ለሚባል ሠዓሊ ከፍሎ አሳለው። ሥራውን ሊያስተዋውቅበት ነበር። ሥዕሉ ያምራል፤ ድልድዩ አልቆ፣ ወንዙ ጸጥ ብሎ። ግን ያን ሁሉ ብረት በዚያ ዘመን መሣሪያ እንዴት አድርገው እንዳነሱት አይናገርም። ሰው ከ200 ዓመት በላይ ሲገምት ኖረ። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ስቶክሆልም ውስጥ ነው። ኤልያስ ማርቲን የተባለ ስዊድናዊ ሠዓሊ ድልድዩ ገና በግንባታ ላይ ሳለ በቦታው ደርሶ በውሃ ቀለም የሠራት ትንሽ ሥዕል ተገኘች። ብረቱን ያነሱበት የእንጨት ማማ ወንዙ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ያለቀውን የሳለው ገንዘብ አገኘ፤ ሥራውን የሳለው ግን ዓለም የማያውቀውን አቆየ። አንቺ እንደ ሁለተኛው ሁኚ። ያለቀና ያማረ ነገር ብቻ እየፈለግሽ አትዙሪ።

የፒሳሮንም አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1896 መጀመሪያ ሩዋን ከተማ ሆቴል ተከራይቶ፣ ዓይኑን ስለሚያመው ከመስኮት ሆኖ፣ ከፊቱ ያለውን የብረት ድልድይ በዝናብ፣ በጭጋግ፣ በጀንበር ግባት እየደጋገመ ሲስል ነበር። ሰው፣ ጋሪ፣ ጭስ፣ ጭነት። ያ ጊዜ የካቲት 1888 ዓ.ምን ይጨምራል፤ የዓድዋን ወር። እሱ ሩዋን መስኮት ላይ ተቀምጦ ሳለ እዚህ አገር ምን እየሆነ እንደነበር አስቢ። የኛ ሠዓሊዎች ከዚያ በኋላ የሳሉት ዓድዋን ነው፤ ደግ አደረጉ። ለኛ የዚያን ዘመን ትልቁ ነገር እሱ ነበርና። እነሱ ድልድይ ስላልሳሉ ከፈረንሳዮቹ አነሱ አትበይ። እያንዳንዱ ያንገበገበውን ነው የሚስለው።

ያ የምትወጂው ብረት ደግሞ ከኛ ቤት የራቀ አይደለም። ካይቦት የሞተው እ.ኤ.አ. በ1894 የካቲት ወር ውስጥ ነው። ከሞተ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አጤ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሰጡ፤ 1886 ዓ.ም መሆኑ ነው። ከጅቡቲ ሥራው በ1890 ዓ.ም ተጀመረ። በ1895 ሀዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር። ሥራውን የያዘው የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር፤ በሪቬት የተሰፋ ብረት በመርከብ ተጭኖ መጣ። ሞኔና ካይቦት ሲስሉት የኖሩት ዓይነት ብረት እኛ በረሃ ላይ ቆመ። ጅቡቲ ውስጥ የሆልሆል ድልድይ፣ እኛ ጋ የአዋሽ ድልድይ። አንቺ ያደግሽው፣ የተማርሽው፣ ጫማ የተገዛልሽ በዚያ ብረት እንጀራ ነው። ታዲያ እንዴት የለንም ትያለሽ?

እነዚያን ድልድዮች ያቆመውን ሰው አስቢ። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አረቡ፣ ከአውሮፓ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ድሃ። በዚያ ሐሩር፣ ውሃ በሌለበት። በፖስታ ካርድ ላይ ድልድዩ አለ፤ ባቡሩ አለ፤ ነጭ ባርኔጣ ያደረገው ሹም አለ። እነሱ ወይ የሉም፣ ወይ ከሩቅ ናቸው። በካይቦትም ሥዕል ላይ ሠራተኛው ፊቱን ወደኛ አላዞረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቁ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ገና ከምትድሂበት ጊዜ ጀምሮ በልደታ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያሳየሁሽ ነው ያደግሽው። የሀዲድ ሠራተኞቹን በሁለት ዓይናቸው ሳዪልኝ። ከድልድዩ ፊት አቁሚያቸው። መዶሻቸውን እንደያዙ፣ ቀዩ ቀለም ከነእጃቸው። ይህን ማንም ፈረንሳዊ አያስተምርሽም፤ አንቺ ከእናት ቤት ይዘሽው የሄድሽው ነው። እንዳታፍሪበት። መምህሮችሽ የቆየ አሳሳል ነው ቢሉሽ ታግሠሽ አስረጃቸው እንጂ አትተዪው።

ሐዘኑንም አትደብቂ። የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ድልድዮቹ ተመትተው ባቡሩ ቆሞ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጥር 1977 ዓ.ምን ደግሞ አትርሺ። አዋሽ አጠገብ፣ ጠማማው ድልድይ ላይ፣ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሀዲድ ወጣ፤ ገደል ገባ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። አንቺ አልተወለድሽም። አባትሽ ግን ከዚያ ወዲያ የአዋሽን ስም እንደ ሌላ ሰው አንስቶት አያውቅም። ስትስዪው ይህንንም እያወቅሽ ሳዪ። ድልድይ ሰውን ማዶ ያደርሳል፤ በአግባቡ ካልያዙት ደግሞ ይበላል።

ዛሬ ለገሀር ሄደሽ ብታዪ በ1922 ዓ.ም የተሠራው ጣቢያ አለ፤ ከፊቱ አንበሳው አለ። ባቡር ግን የለም። ከፉሪ ለቡ የሚነሳው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም ተመርቋል፤ በኤሌክትሪክ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ተመስገን። እኛም ሰፈር ከ2008 ጀምሮ ቀላሉ ባቡር ከልደታ ወደ ሜክሲኮ ከራስ በላይ ያልፋል። ድልድዩ ኮንክሪት ነው። የዛሬ ልጆች ድልድይ ሲባል የሚያስቡት እሱን ነው፤ አልፈርድባቸውም። አሮጌው ሀዲድ ግን በየቦታው ሳር በልቶታል፤ ያልተጠበቀው ብረት እየተፈታ በኪሎ ይሸጣል። ቁራሌው በደጃችን እየጮኸ ባለፈ ቁጥር ልቤ ይመታል። የአባትሽን መዶሻ ስንቴ በጥሩ ዋጋ ጠይቀውኛል። አልሸጥም፤ ያንቺ ነው።

ካንቺ የምፈልገውን ልንገርሽ። ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ ኦርሴ ሙዚየም ሂጂ። የሞኔ የአርዣንተይ ድልድይ እዚያ አለ። የሳን ላዛር ጣቢያውም አለ፤ ካይቦት ከጓደኛው ገዝቶ፣ ሲሞት ለመንግሥት ያወረሰው ነው። ሥዕልሽን የሚገዛ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቅልሽ ወዳጅ እንድታገኚ እጸልያለሁ። ከዚያ ከሳን ላዛር ባቡር ያዢና አርዣንተይ ድረስ ሂጂ። ሴንን በባቡር ተሻገሪ፤ ወርደሽ ደግሞ ከዳር ሆነሽ እዪው። በቀን ሂጂ። ብቻሽን ወንዝ ዳር አታምሺ። እንዳትቆጪኝ፤ እናት ነኝ።

ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ስትመጪ ድሬዳዋ እንሂድ። ከአባትሽ ጋር የሠሩት ጥቂት ሽማግሌዎች አሁንም እዚያ አሉ። ፈረንሳይኛቸው ካንቺ ይበልጣል። የትኛው አግዳሚ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ድልድይ በየትኛው ጎርፍ እንደተናጋ በቃላቸው ይነግሩሻል። በየዓመቱ አንድ ሁለቱን እየቀበርን ነው። ለከርሞ አትበይ። ቁጭ ብለሽ አዳምጫቸው፤ እያዳመጥሽ ንደፊ። ጫት ሰዓት ላይ አትሂጂ እንጂ ጠዋት ከሄድሽ አንድም ነገር አይደብቁሽም።

ሦስተኛ፣ አዋሽ። ከገደሉ አፋፍ ሆነሽ ሳዪው። ጥበቃዎቹ ድልድይ አጠገብ ካሜራ ሲያዩ ይቆጣሉ፤ የትምህርት ቤትሽን ደብዳቤ ይዘሽ እንሂድ። ቀድመሽ ሰላም በያቸው፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪያቸው። አትከራከሪ። እርሳስና ወረቀት ብቻ ከሆነ አንዳንዱ ወንበር ያመጣልሻል። ብረቱ እንዳለ፣ ዝገቱም እንዳለ ሳዪው። አታሳምሪው።

እኔን የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? እዚያ መቅረትሽ አይደለም። የትም ብትኖሪ ልጄ ነሽ። የሚያስፈራኝ የሰው ትዝታ እንደራስሽ አድርገሽ ለምደሽ፣ የራስሽን ከሰው መጽሐፍ መፈለግ እንዳትጀምሪ ነው። ሴንን በደንብ ካወቅሽው አዋሽን የምታይበት ዓይን ታገኛለሽ፤ ይህን አምናለሁ። ግን ተመልሰሽ ካላየሽው ያ ዓይን ምን ይሠራል? ዙላን የሳሉት ሳይጠየቁ ስለውታል። እኛን ማንም አልከለከለንም። አርፍደናል እንጂ አልመሸም።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ። ዓይንሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እመቤቴ ልደታ ትከተልሽ። የጾም ምግብ ስታጪ አትጨነቂ፤ ያገኘሽውን ብዪ፣ እሷ ታውቃለች። ለመምህሮችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ርዕስሽን አትቀይሪ፤ ሰፋ አድርጊው። ሞኔን፣ ካይቦትንና ፒሳሮን ጻፊ፤ ዙላን ጨምሪ፤ መጨረሻውን ለአዋሽ ተዪለት። ሥዕሉን ስትጨርሺ ደግሞ ስምሽን በፊደላችን ፈርሚበት።

የምትወድሽ እናትሽ
ጠመንጃ ያዥ፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ